ለፍራፍሬ ተባይ የትኛው ፈንገስ ይሻላል? መጀመሪያ ተባዩ የት እንደሚያድር እወቁ

ፍራፍሬ የሚያለማ ሰው «ፈንገስ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው በሽታ ነው። የበሰበሰ ፍሬ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ቅጠል። ስለዚህ አንዱ መጥቶ «ተባይ ካስቸገረህ ፈንገስ ግዛና ዛፍህ ላይ ርጭ» ቢለው፣ «ምነው፣ ያለው አልበቃኝም?» ቢል አይፈረድበትም።

ፈንገስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ነፍሳትን እያሳመሙ የሚኖሩ ከ700 በላይ የፈንገስ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ገበያ ላይ የወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምርጫው የሚከብደው ማሸጊያቸው ላይ የተጻፈው ስለሚመሳሰል ነው። አንዱም ነጭ ዝንብ ይገድላል፣ ሌላውም። አንዱም ትሪፕስ (ጭማቂ የሚመጥጥ ደቃቅ ተባይ) ይላል፣ ሌላውም። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በክዳን በተዘጋ ሳህን ላይ፣ ሁሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ፀሐይና ነፋስ ባለበት ዛፍ ላይ ነገሩ ይለያል።

እኔ ከፈንገሱ ስም አልጀምርም። መጀመሪያ የምጠይቀው ተባዩ ዕድሜውን የት እንደሚያሳልፍ ነው። አፈር ውስጥ ነው? ቅጠል ላይ ነው? ወይስ ፍሬና ግንድ ውስጥ ተደብቆ? የዚህ መልስ ከታወቀ ግማሹ ምርጫ አለቀ ማለት ነው።

አገዳደሉን እንወቅ

ቢቲ የሚባለው ባክቴሪያ እንዲሠራ ተባዩ ሊበላው ይገባል። የቫይረስ ፀረ-ተባዮችም እንደዚያው ናቸው። ፈንገስ ግን በቆዳ ነው የሚገባው። ስፖሩ (እንደ ዘር የሚያገለግለው ደቃቅ ብናኝ) ተባዩ ላይ ይለጠፋል፣ እዚያው ይበቅላል፣ ቆዳውን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች እያመነጨ ሰርስሮ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ ደሙ ውስጥ ይራባል። ተባዩ ምግብ መብላት ይቀንሳል፣ ይዳከማል፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ይሞታል። አካባቢው እርጥብ ከሆነ ፈንገሱ ከሬሳው ላይ መልሶ ይወጣና በነጭ ወይም በአረንጓዴ ዱቄት ይሸፍነዋል። ያ ዱቄት አዲስ ስፖር ነው።

ይህ ታሪክ የቆየ ነው። ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ የሐር ትሎችን ነጭ አድርጎ የሚገድለው በሽታ ከጥቃቅን ሕያው ነገር እንደሚመጣ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ዛሬ በሰፊው የሚሸጠው ቦቬሪያ ባሲያና የእሱን ስም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1879 ደግሞ ሩሲያዊው ኤሊ ሜችኒኮፍ የስንዴ ጥንዚዛ ላይ አረንጓዴ ፈንገስ አገኘና ለተባይ መከላከያነት ሊያገለግል ይችላል አለ። ያ ዛሬ ሜታራይዚየም የምንለው ነው። እነዚህ ሁለቱ የዚህ ገበያ አንጋፋዎች ናቸው።

በቆዳ መግባቱ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩው፣ ቅጠል ሳይቆረጥሙ ጭማቂ ብቻ የሚመጥጡ ተባዮች ላይም ይሠራል። ቢቲ እነዚህን አይነካም። መጥፎው ደግሞ ስፖሩ ተባዩ ቆዳ ላይ ተቀምጦ እስኪበቅል ለሰዓታት ከፀሐይና ከድርቀት ጋር ይታገላል። አልትራቫዮሌት ጨረር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። አብዛኞቹ የሚመቻቸው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት ነው። ከ35 በላይ ሲሆን ሥራው ይቆማል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጥላ ያለበት፣ እርጥብ የሆነና ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ የት ነው? አፈር ውስጥ። ለዚህ ነው ከአፈር የምጀምረው።

ተባዩ አፈር ውስጥ ካለፈ

በእኔ ግምት ፈንገስ ከሁሉ በላይ ገንዘቡን የሚመልሰው እዚህ ነው። ብዙዎች ግን መጀመሪያ የሚሞክሩት ቅጠል ላይ ነው። ቅጠል ላይ አልሠራ ሲላቸው «ይሄ ነገር ውሸት ነው» ብለው ይተዉታል።

የፍራፍሬ ዝንብን እንውሰድ። እናትየው ፍሬው ቆዳ ሥር እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል (እጭ) የፍሬውን ውስጥ እየበላ ያድጋል፣ ሲጎለምስ ይወጣና መሬት ላይ ይወድቃል፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል፤ ማለትም ተሸፍኖ ወደ ዝንብነት ይለወጣል። ፍሬ ውስጥ እያለ ምንም ርጭት አይደርስበትም። አፈር ውስጥ ሲገባ ግን መውጫም መግቢያም መንገዱ እናንተ ስፖር ባስቀመጣችሁበት በኩል ነው።

እዚህ ቦታ ሜታራይዚየምን አስቀድማለሁ። በተፈጥሮው የአፈር ፈንገስ ነው፣ በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ በተክል ሥር ዙሪያም ይኖራል። ቦቬሪያም አፈር ውስጥ ይሠራል፣ በተለይ አፈር ውስጥ ገብተው በሚያድጉ ረጅም አፍንጫ ባላቸው ጥንዚዛዎች ላይ። ሁለቱም ተመዝግበው የሚገኙበት አካባቢ ላይ ከሆናችሁ ለዝንብ ሜታራይዚየም፣ ለጥንዚዛ ሁለቱንም በትንሽ ቦታ ሞክራችሁ የተሻለውን ያዙ።

ሰዓቱን ማወቅ ከዝርያው ምርጫ አይተናነስም። የዝንቡ ሙሽሬ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ፈንገሱ እንደ ልቡ አይገባበትም። የሚጠቃው ወደ አፈር የሚገባው እጭና ከአፈር የሚወጣው አዲስ ዝንብ ነው። ስለዚህ ፈንገሱ ፍሬ መውደቅ ከመጀመሩ በፊት አፈር ውስጥ መገኘት አለበት። ዝንቡ ወጥቶ ማንዣበብ ከጀመረ በኋላ አፈር ማከም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሚታከመው ቦታ የዛፉ ቅርንጫፍ ጥላ የሚያርፍበት ክብ ነው። ሜዳውን በሙሉ ማዳረስ አያስፈልግም። የገዛችሁት ምርት ፍርፍር (ደረቅ እንክብል) ከሆነ በትኖ በስሱ መኮትኮት፣ ፈሳሽ ከሆነ በብዙ ውኃ አጠጥቶ ጉዝጓዝ መልሶ ማልበስ ነው። አፈሩ አቧራ ከሆነ አስቀድማችሁ አርጥቡት። ጭቃ ግን አታድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዝንብ ይበራል። የእናንተን አፈር አክማችሁ የጎረቤት ማሳ ሥር የወደቀ ፍሬ ከተከማቸ በሳምንት ውስጥ እንግዳ ይመጣባችኋል። የወደቀ ፍሬ መልቀምና ወጥመድ መስቀል ከፈንገሱ ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ በእሱ የሚተካ አይደለም።

ሥር ለሚበሉት ነጭ ወፋፍራም የጥንዚዛ እጮች ደግሞ የተለየ ምሳሌ አለ። በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ሜይ ጥንዚዛ የሚባለውን ለመከላከል ቦቬሪያ ብሮንግኒያርቲ የተባለውን ዝርያ በገብስ ፍሬ ላይ ያሳድጉትና ገብሱን አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ገብሱ ለፈንገሱ ስንቅ ይሆነዋል። ይህ ዝርያ ከባሲያና ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ቢሆንም ምርጫው ጠበብ ያለ ነው፣ ያንን ጥንዚዛ ነው የሚወደው። ጥንዚዛችሁ ሌላ ከሆነ ስሙን አይታችሁ አትግዙ።

ቅጠል ላይ ያለ ጭማቂ መጣጭ

ክሽክሽ (አፊድ)፣ ነጭ ዝንብ፣ ትሪፕስ፣ ሲሊድ (የሚዘል ደቃቅ ተባይ)፣ ሚሊባግ (ነጭ ዱቄት የለበሰ የሚመስል)፣ ስኬል (እንደ ቅርፊት የሚለጠፍ)። ለእነዚህ ገበያ ላይ የሚነሱት ሦስት ናቸው፤ ቦቬሪያ ባሲያና፣ ኮርዲሴፕስ ፉሞሶሮዚያ፣ እና ሌካኒሲሊየም። ሁለተኛው በቀድሞ ስሙ ኢሳሪያ ወይም ፔሲሎማይሲስ ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ሦስተኛውም ቨርቲሲሊየም ሌካኒ ይባል ነበር። ተመራማሪዎች ስም መቀየር ይወዳሉ። ሁለት የተለያየ ምርት መስሏችሁ አንዱኑ ሁለቴ እንዳትገዙ ልብ በሉ።

ተባያችሁ ድብልቅ ከሆነ፣ ትንሽ ትሪፕስ፣ ትንሽ ነጭ ዝንብ፣ አንዳንድ ጥንዚዛ ካለ፣ ቦቬሪያ ሰፊውን ይሸፍናል። የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ምርትም ነው። ለነጭ ዝንብና ለብርቱካን ሲሊድ ግን ኮርዲሴፕስ ፉሞሶሮዚያን እመርጣለሁ። አንዳንዱ የዚህ ምርት ከተለመደው ስፖር ይልቅ ብላስቶስፖር የሚባለውን ይይዛል። ይህኛው ፈጥኖ ይበቅላል። በዚያው ልክ ቶሎ ይሞታል፤ በጥብጦ ማሳደር አይቻልም፣ ሙቀትም አይችልም።

ሌካኒሲሊየም ክሽክሽና ለስላሳ ስኬል ላይ ጎበዝ ነው። እርጥበት ላይ ግን ቅንጡ ነው። በደንብ የሚሠራው ጤዛና ጉም በሚበዛበት ቦታ ወይም ግሪንሃውስ ውስጥ ነው። ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ገላጣ ማሳ ላይ ገንዘብ አታባክኑበት።

ክሽክሽ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ወጣቶቹ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቆዳ ይቀይራሉ። ስፖሩ በቅሎ ሳይገባ ቆዳው ከተቀየረ ስፖሩም ከአሮጌው ቆዳ ጋር ይወድቃል። ለዚህ ነው አንድ ርጭት አይበቃም የሚባለው። በ5 ወይም በ7 ቀን ልዩነት ሁለትና ሦስት ጊዜ መደገም አለበት።

ስኬልና ሚሊባግ ደግሞ ሰም ለብሰው ነው የሚቀመጡት። ጠንካራ ቅርፊት ያለውን ትልቁን ስኬል በፈንገስ ለመግደል መሞከር ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። የሚጠቃው ገና ተፈልፍሎ ቅርፊት ሳያበጅ የሚሳበው ልጅ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ባለሁለት ፊት ተለጣፊ ፕላስተር ጠምጥማችሁ በየጊዜው በማጉያ መነጽር እዩ። ቢጫ ነጠብጣብ የሚመስሉ ልጆች መያዝ ሲጀምሩ ያን ጊዜ ርጩ።

የቅጠል ርጭት ሁሉ ማታ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀመርና ሌሊቱን ሙሉ ስፖሩ በእርጥበትና በጨለማ ይበቅላል። ጠዋት የረጨ ሰው ግማሹን ለፀሐይ ገብሯል። የቅጠሉ ጀርባ ካልረጠበም ሥራ አልተሠራም፤ ተባዩ ያለውም እዚያው ነው፣ ጥላውም እዚያው ነው።

ፍሬና ግንድ ውስጥ ለተደበቀ

እዚህ በአጭሩ ልለፍ፣ ምክንያቱም ምክሬ «ሌላ ፈልጉ» ስለሆነ። የአፕል ፍሬ ውስጥ የሚገባው የእሳት እራት እጭ ከእንቁላል ወጥቶ ፍሬ እስኪገባ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ለእሱ ግራኑሎቫይረስ የሚባለው የቫይረስ ምርትና የሽታ ማደናገሪያ (ወንዱ ሴቷን እንዳያገኛት የሚያደርግ) ከፈንገስ የተሻሉ ናቸው። ፈንገስ ሊረዳ የሚችለው ቅርፊት ሥር ድር ሠርቶ የብርዱን ወቅት የሚያሳልፈው እጭ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ጥቃቅን ጠቃሚ ትሎች፣ ኔማቶዶች፣ ተፎካካሪ ናቸው። ግንድ ለሚሰረስሩት ደግሞ ስፖር ቀዳዳው ድረስ የሚያደርስ መንገድ ከሌለ ምንም አታድርጉ።

ተባዩን ራሱን ተሸካሚ ማድረግ

ይህን መንገድ እወደዋለሁ። ዝንብን በጠረን የሚስብ ጣቢያ ይሰቀላል። ውስጡ ደረቅ ስፖር አለ። ዝንቡ ገብቶ ስፖር ተቀብቶ ይወጣል፣ በሚጋባበት ጊዜ ለሌላው ያስተላልፋል። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ በሜታራይዚየም በዚህ ዘዴ ብዙ ሠርቷል። ጥቅሙ ስፖሩ ከፀሐይና ከዝናብ ተከልሎ መቀመጡ ነው። ለአንድ ዛፍ የሚወጣው ስፖርም ከርጭት በጣም ያነሰ ነው። ጉዳቱ፣ ማራኪ ሽታ ለሌለው ተባይ አይሆንም፣ ጣቢያውንም በየሳምንታቱ መሙላት ያስፈልጋል። በርጭት ለማይደረስ ረጅም ዛፍ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

በነፃ ያላችሁ

ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ። የሞተ ክሽክሽ ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ፣ ዙሪያውን ጭጋግ የመሰለ ክብ ካለው፣ የተፈጥሮ ፈንገስ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። እነዚህ ኢንቶሞፍቶራሌስ የሚባለው ወገን ናቸው። ስፖራቸውን እንደ ወስፈንጥር ያስፈነጥራሉ። በእርጥብ ሳምንት የክሽክሽ መንጋ ሊጨርሱ ይችላሉ። በፋብሪካ በብዛት ማራባታቸው አስቸጋሪ ስለሆነ በገበያ አታገኟቸውም። ያላችሁ ምርጫ አለመግደል ብቻ ነው።

በፍሎሪዳ የብርቱካን ገበሬዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነጭ ዝንብን የሚገድለውን አሸርሶኒያ የተባለ ቀይ ፈንገስ ከዛፍ ወደ ዛፍ ያዛምቱት ነበር። እዚያው ሌላም ነገር ታየ። ለበሽታ ተብሎ መዳብ የተረጨባቸው ዛፎች ላይ ስኬል ይበዛ ነበር፣ ምክንያቱም መዳቡ ስኬሉን የሚያጠፋውን ፈንገስም ስለሚገድል። ሌላው የብርቱካን ታሪክ የሂርሱቴላ ቶምፕሶኒ ነው። የብርቱካን ዝገት ማይት የሚባለውን ሸረሪት መሰል ደቃቅ ተባይ የሚገድል ፈንገስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ምርት ሆኖ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። ጎበዝ ፈንገስ መሆን ብቻውን አያዋጣም፤ መጋዘንም መቻል አለበት።

ዱቄት፣ ዘይት ወይስ ፍርፍር?

ሰው ስለ ዝርያው ሲከራከር ይውላል፣ ስለ አሠራሩ የሚጠይቅ የለም። በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ርካሽ ነው፣ ለእርጥብ አየር ይበቃል። ዘይታማው ምርት ሰም የለበሰ ተባይ ላይ በደንብ ይለጠፋል፣ ስፖሩንም ከድርቀት ይከላከልለታል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ዋጋውን ጨምራችሁ ዘይታማውን ውሰዱ። ግን በቀትር ሙቀት ወይም ድኝ በተረጨበት ሰሞን ዘይት ቅጠል ያቃጥላል። ፍርፍር ለአፈር ብቻ ነው።

ማሸጊያው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። የዝርያው መለያ ቁጥር፣ በግራም ወይም በሚሊ ሊትር ስንት ሕያው ስፖር እንዳለው፣ እና የሚያበቃበት ቀን። ቦቬሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ለጥንዚዛ የተመረጠ ነው፣ ሌላው ለነጭ ዝንብ። መለያ ቁጥር የሌለው ምርት ማን እንደሆነ ሳይናገር በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነው። ለአንድ ሄክታር የሚረጨው ስፖር አብዛኛውን ጊዜ በትሪሊዮን ይቆጠራል። የማሸጊያው ቁጥር ከዚህ ጋር ካልተቀራረበ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

ሩዝ ላይ ቤት ውስጥ ማራባት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል። ግን የሩዙ ላይ አረንጓዴ ነገር ሜታራይዚየም ይሁን አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመርተው አስፐርጊለስ ፍላቨስ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ለሚበላ ፍሬ ይህን አልደፍርም።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ያለው ጠብ

ፈንገስ ገዝታችሁ ፀረ-ፈንገስ አትርጩበት። ሲነገር ቀልድ ይመስላል፣ ግን በጣም የተለመደው ስህተት ይኼ ነው። የፍራፍሬ ዛፍ በየጊዜው መዳብ፣ ድኝ፣ ማንኮዜብ የሚጠጣ ተክል ነው። ማንኮዜብና መዳብ የገዛችሁትን ፈንገስ ክፉኛ ይጎዱታል። በመካከል ቢያንስ ጥቂት ቀናት ክፍተት ያስፈልጋል፤ ስንት እንደሆነ የየምርቱ መለያ ይነግራችኋል። ትናንት ማንኮዜብ የነበረበት ታንክም በደንብ ሳይታጠብ አይሞላበትም። የበሽታ ወቅታችሁ ረጅም ከሆነና ፀረ-ፈንገስ በየሳምንቱ ከሆነ፣ የቅጠል ፈንገስን ተዉትና ወደ አፈሩ ወይም ወደ ሽታ ጣቢያው ሂዱ። ሁለቱም ከርጭቱ የራቁ ናቸው።

ንብ ጉዳይም ይነሳል። የንብ እጮች ያሉበት የቀፎ ክፍል 34 እና 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሞቅ ፈንገሶቹ እዚያ አይመቻቸውም። ቢሆንም አበባ ላይ ቀን አይረጭም። ማታ መርጨት እዚህም ይጠቅማል። የሐር ትል የሚያረባ ጎረቤት ካለ ግን ቦቬሪያን ጨርሶ እርሱት፣ ባሲ ያገኘው በሽታ እሱው ነውና። ለራሳችሁም ጭምብል አድርጉ። ስፖር አቧራ ነው፣ አለርጂ ያስነሳል።

ሕያው መሆኑን በቤት መፈተሽ

ስፖር ሕይወት ያለው ነገር ነው። በፀሐይ ቆርቆሮ ሥር የከረመ ጣሳ ውስጡ ያለው የሞተ ዱቄት ሊሆን ይችላል። እኔም አንዴ ለሁለት ቀን መኪና ውስጥ የረሳሁትን ረጭቼ «ፈንገስ አይሠራም» ብዬ ነበር። ጥፋቱ የመኪናው ነበር፣ ማለቴ የእኔ።

ሁለት ማሰሮ ያዙ። በእያንዳንዱ እርጥብ ወረቀት አንጥፉና አሥር አሥር የዱቄት ትል ወይም ሌላ የጥንዚዛ እጭ አስገቡ። አንዱን በምርቱ ብጥብጥ፣ ሌላውን በንጹህ ውኃ አርጥቡ። ጥላ ውስጥ በቤት ሙቀት አስቀምጡ፣ ክዳኑን በስሱ ቀዳድታችሁ። በመጀመሪያው ማሰሮ ያሉት በሳምንት አሥር ቀን ውስጥ ሞተው ደርቀው ዱቄት ካበቀሉ፣ ቦቬሪያ ከሆነ ነጭ፣ ሜታራይዚየም ከሆነ አረንጓዴ፣ ምርቱ ሕያው ነው። በሁለቱም ማሰሮ እኩል ከሞቱ ፈተናው ተበላሽቷል፣ ድገሙት። ሞተው ከጠቆሩና ከሸተቱ የገደላቸው ባክቴሪያ ነው። የቀረውን ምርት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፣ ከምግብ ለይታችሁ፣ ስሙና ቀኑ በትልቁ ተጽፎበት።